ቤዝ ጊታር ላይ ኦቨርድራይቭ፦ ድምፁ ሲሻክር ጉልበቱ ለምን ይጠፋል?

ባለአራትክር | አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹን ዘፈኖች ወደ ሮክ ጠጋ አድርገን የምንጫወት አነስተኛ ባንድ አለን፤ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ድራም፣ ቤዙ ላይ ደግሞ እኔ። አንዳንድ ዘፈን መሀል ሳክስፎኑ ሲያርፍ ቤዙ ቆጣ ብሎ፣ ሻክሮ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። መሣሪያዬ የጃዝ ቤዝ ቅርጽ ያለው፣ ባትሪ የሌለው ባለ አራት ክር ነው። ከሊድ ጊታሪስታችን አንድ አረንጓዴ ኦቨርድራይቭ ፔዳል (በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያሻክር ሳጥን) ተውሻለሁ።

ቤት ውስጥ በትንሽ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ስሞክረው ደስ ይላል። ልምምድ ቤት ገብተን ድራሙ ሲነሳ ግን ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ቤዙ ከሥሩ ይነቀላል፤ የሚቀረው ከላይ የሚንጫጫ ነገር ብቻ ነው። ድራመራችን "መብራት ሄደ እንዴ?" እያለ ይቀልድብኛል። ጌይኑን (የመሻከሩን መጠን) ስጨምር ይብሳል። አምፑ ላይ ባሱን ስጨምር ደግሞ ክፍሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ ኖታው አይለይም።

በቅርቡ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ሻንጣው ውስጥ ለአንድ ፔዳል ቦታ አይነፍገኝም። ምን ላስመጣ? ወይስ ችግሩ ከፔዳሉ ሳይሆን ከእጄ ነው?

---

የብየዳ_ጭስ | የኤሌክትሮኒክስ ጥገና

እጅህን ለጊዜው ተወው። አረንጓዴ ከሆነ ያ ፔዳል የቲዩብ ስክሪመር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መሆኑ አይቀርም። አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመሩን፣ ቲኤስ 808ን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ለሊድ ጊታር ነው። ድምፁን በሚያሻክረው ክፍል ውስጥ አንድ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ የሁለቱ ሥራ 720 ኸርዝ አካባቢ ድንበር ማስመር ነው። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ የሚያገኘው ጌይን ቁልቁል እየቀነሰ ይሄዳል።

አሁን የአንተን ክሮች እንይ። ባዶ ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። ጂ ክር ላይ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ድረስ ብትወጣ እንኳ ያለኸው 196 ላይ ነው። የኖታዎችህ መሠረት በሙሉ ከድንበሩ ውጭ ነው ማለት ነው። ፔዳሉ አልተበላሸም፤ የተሠራው የጊታሪስቱን ወፍራም ድምፅ ቀንሶ ለቤዝ ተጫዋቹ ቦታ እንዲለቅ ነው። አንተ ራስህን ከቦታህ እያስለቀቅህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይጠልቃል። ባስ የማይቀንስ ፔዳል ብታገኝም ኦቨርድራይቭ ማለት የማዕበሉን ጫፍ መቁረጥ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ክሩን ስትመታ የሚነሳው የመጀመሪያው ግፊት ይደፈጠጣል። ከድራሙ ትልቅ ከበሮ ጋር አብሮ ደረት የሚመታው ደግሞ ያ ግፊት ነው። ስለዚህ ለቤዝ የሚሠሩ ጥሩ ፔዳሎች ብዙዎቹ ብሌንድ የሚባል ማዞሪያ አላቸው፤ ያልተነካው ንጹህ ድምፅ ከሻካራው ጎን ለጎን ያልፋል፣ መጠኑን አንተ ትወስናለህ። የምታስመጣው ፔዳል ብሌንድ ከሌለው አታስመጣው።

በነገራችን ላይ ያንን ካፓሲተር በ0.22 ብትቀይረው ድንበሩ ወደ 154 ኸርዝ ይወርዳል፤ ለቤዝ በጣም ይሻላል። ግን የሰው ንብረት ነው፣ መበየጃ አታስጠጋው።

---

ንጹሕ_ድምፅ | አዲስ አበባ

እኔ የምለውን ብዙዎቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ቤዝ የቤት መሠረት ነው፤ መሠረት አይሻክርም። የዋልያስ ባንዱን መላኬ ገብሬን፣ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ስሙ። ሰው ከወንበሩ የሚነሳው ቤዙ ስለጮኸ አይደለም፤ ኖታው በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ስለወጣ ነው። ሆቴል ስንጫወት ከባለቤቱ የሚሰጠን አምፕ አንዳንዴ ራሱ ይሻክር ነበር፤ ያኔ እኛ ጥገና እንጠራለን። ዛሬ ልጆቹ ያንኑ ብልሽት በዶላር ይገዙታል!

ችክችካ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ስድስት ስምንተኛው ምት የሚጨፈረው በኖታዎቹ መሀል ባለው ዝምታ ነው። ዲስቶርሽን (ይህ ማሻከር) ዝምታ አያውቅም፤ ኖታውን ጎትቶ ጎትቶ ከሚቀጥለው ጋር ያገናኘዋል።

---

የአምባሰል_ልጅ | ቤዝ ጊታር፣ አንዳንዴ ክራር

ጋሼ፣ ስለ ዝምታው ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እመለስበታለሁ። "መሠረት አይሻክርም" ባሉት ላይ ግን በገና ይሟገትዎታል።

የበገናን ነገር ልብ ብለው ያውቃሉ? አሥሩ ክሮች ከበግ አንጀት የሚሠሩ፣ ወፍራምና ልል ናቸው፤ ድምፃቸው እጅግ ወደ ታች የወረደ ነው። ያ ክር ብቻውን ቢመታ ደብዛዛ ነበር፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማም። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ምን አደረጉ? በክሩና በድልድዩ መካከል ቀጫጭን የቆዳ ቁራጮች አስገቡ። ቁራጩ በትክክል ሲስተካከል ክሩ በእያንዳንዱ ንዝረት የድልድዩን ጠርዝ ይነካካል፤ ያ የምናውቀው ዝዝዝ የሚል ግርማ ያለው ድምፅ ይወለዳል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ፔዳል የለም፣ ግን የሚሆነው ያው ነው፤ የክሩ ንዝረት በጠርዝ ተገድቦ ከላዩ ብዙ ሃርሞኒክ (ከመሠረቱ ኖታ በላይ አብሮ የሚሰማ ድምፅ) ይበቅላል። አባቶች ቆዳውን ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ የሚያስተካክሉት ትዕግሥት የጌይን ማዞሪያ ከሚያዞር ሰው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ለምን ይጠቅማል? የ41 ኸርዝ ኖታ ሲሻክር 82፣ 123፣ 165 እያለ ወደ ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል። የሰው ጆሮ እነዚህን ቅርንጫፎች ከሰማ ግንዱ ባይኖርም ግንዱን ራሱ ይሞላዋል። የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝን ጨርሶ አያወጣም፤ የሚኒባስ ታክሲ ስፒከርም እምብዛም ነው። ሆኖም ሻከር ያለ ቤዝ በእነዚህ ላይ ኖታው ተለይቶ ይሰማል፣ በጣም ንጹህ የሆነው ግን ይሰወራል። ለእኔ ኦቨርድራይቭ የቁጣ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመሰማት ጉዳይ ነው። ስለዚህም አድማጭ "ዲስቶርሽን አለ" ብሎ የማያስተውለው መጠን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

---

ንጹሕ_ድምፅ

በበገና መጣሽብኝ። ምን እላለሁ እንግዲህ።

ያም ሆኖ በገና ብቻውን ወይም ከአንድ ድምፅ ጋር የሚደረደር መሣሪያ ነው። ሳክስፎን፣ ሊድ ጊታርና ኪቦርድ የሻካራውን ሰፈር ተሻምተው በያዙበት ባንድ ውስጥ ቤዙም እዚያው ሲገባ ማን ማንን ይሰማል?

---

ሲልቨርስፕሪንግ | ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ጥሩ ክርክር ነው። ለታሪክ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋሼ "ብልሽቱን በዶላር ይገዙታል" ያሉት ቀልድ በትክክል የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ናሽቪል ውስጥ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ሲቀዳ የስቱዲዮው ሚክሰር አንድ መስመር ተበላሽቶ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ቀረጻውን እንዳለ ተዉት፤ ዘፈኑም ተወደደ። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ያንን የተበላሸ ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ ሠራ፤ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ለገበያ ከቀረቡት የፈዝ (በጣም የሻከረ ድምፅ) ፔዳሎች የመጀመሪያው የተወለደው ከሊድ ጊታር ሳይሆን ከቤዝ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁለት ሰፈር ብለን ልንከፍለው እንችላለን። አንደኛው የአምፕ ሰፈር ነው። አምፔግ በ1969 ያወጣው ኤስቪቲ 300 ዋት ሆኖ 14 ቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) የተሸከመ ግዙፍ ነው፤ ሲገፋ የሚሻክርበት መንገድ ዛሬም ብዙ ፔዳል የሚቀዳው እሱን ነው። የሞተርሄዱ ሌሚ ደግሞ ሪከንባከር ቤዙን በማርሻል ሱፐር ቤዝ አምፕ ውስጥ አሳልፎ፣ ባስና ትሬብሉን (የታችኛውንና የላይኛውን ድምፅ) አውርዶ፣ ሚዱን (የመሀሉን) እስከ ጥግ ከፍቶ ነበር የሚጫወተው። ልብ በሉ፤ በሮክ ውስጥ ቁጡ ከሚባሉት የቤዝ ድምፆች አንዱ ባሱ ተዘግቶ የተገኘ ነው።

ሁለተኛው የፔዳል ሰፈር ነው፤ ባለአራትክርን የሚመለከተውም ይኸኛው ነው። ብሌንድ ካላቸው መካከል እኔ የማውቃቸው፦

የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር የቫልቭ አምፕንና የስፒከር ሳጥንን ጠባይ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ወደ ሚክሰር በቀጥታ የሚገባ መውጫም አለው። አምፕ በሌለበት ወይም ባለው አምፕ በማትተማመንበት መድረክ ላይ ነፍስ ያድናል። የድሮው ቅጂ የሚድ ማዞሪያ የለውም፣ ሚዱም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ሚድ ተጨምሯል።

ዳርክግላስ የሄልሲንኪ ሥራ ነው። ማይክሮቲዩብስ ቢ3ኬ የሚባለው ፔዳላቸው ግራንት የምትባል መቀየሪያ አለችው፤ ከመሻከሩ በፊት ምን ያህል የታችኛው ድምፅ እንዲገባ ትወስናለች። ዘመናዊ፣ ጥርት ያለ፣ ለሜታል የሚሆን ድምፅ ነው። ለ1960ዎቹ ዘፈን ግን ለእኔ ጆሮ ትንሽ ብረት ብረት ይላል።

ቦስ ኦዲቢ 3 ብዙ ሰው ይሰድበዋል። ስድቡ የሚገባው ጌይኑን ከግማሽ በላይ ለሚከፍተው ሰው ነው፤ ዝቅ አድርገህ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ቀንሰህ፣ ንጹሁን ጨምረህ ሞክረው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም።

ቢግ መፍ የሚባለው የፈዝ ፔዳል ሚዱን ይጎደጉዳል፤ ብቻህን ስትጫወት ግርማው ልዩ ነው፣ ባንድ ውስጥ ግን የሊድ ጊታሩ ግድግዳ ይውጠዋል። የቤዙ ቅጂ ንጹህ ድምፅ የምትጨምር መቀየሪያ ስላለችው ይሻላል።

አገር ቤት ሻካራ ቤዝ እንግዳ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የጃኖ ባንድን የ2012 እ.ኤ.አ. አልበም ኤርታሌን አስታውሱ። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው።

---

ከሚክሰሩ_ጀርባ | የድምፅ ባለሙያ

ሁላችሁም ስለ ፔዳል ታወራላችሁ፤ ከፔዳሉ ቀጥሎ ስላለው ማንም አልተናገረም። የኤስቪቲ ባለ ስምንት ስፒከር ሳጥን እያንዳንዱ 10 ኢንች ነው፣ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የለውም፤ ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን እዚያው ያስቀረዋል። የድሮው የቫልቭ ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ የሆነው ግማሹ በስፒከሩ ምክንያት ነው። እናንተ ግን ፔዳሉን በቀጥታ ወደ እኔ ሚክሰር ትሰኩና በትዊተርና በሆርን ይወጣል። ውጤቱ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ነው። ከዚያ "የድምፅ ሰውዬው አበላሸብን" ይባላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፔዳሉ የስፒከር ሳጥን የሚያስመስል መውጫ ካለው እሱን ስጡኝ። ከሌለው ከ4 ወይም 5 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንድቆርጠው ንገሩኝ። አምፓችሁ ትዊተር ካለው ከኋላው የማጥፊያ ማዞሪያ አይጠፋውም፤ ዝጉት። ቢቻል ሁለት መስመር ስጡኝ፤ አንዱ ከፔዳሉ በፊት ንጹህ፣ ሌላው ሻካራው። ሻካራውን ከ200 ኸርዝ አካባቢ በታች እቆርጠዋለሁ፣ ንጹሁን በኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ) አረጋጋዋለሁ። ታችኛው ክፍል አይነቃነቅም፣ ቁጣው ሁሉ ከላይ ይሆናል።

ጋሽ ንጹሕ_ድምፅ ለጠየቁት፦ ሊድ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ነው። የቤዙን መሻከር ከ400 እስከ 800 አካባቢ ካስቀመጥነው ሁለቱ አይጋጩም። የሚጋጩት ቤዝ ተጫዋቹ ትሬብሉን ሲከፍት ነው።

---

ባለአራትክር

በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል ትምህርት አልጠበቅሁም። ዘመዴ እስኪመጣ ድረስ እጄ ላይ ባለው ለመሞከር ብዬ ልምምድ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሚክሰር ተጠቀምኩ። የጊታሬን መስመር ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው በፔዳል አልፎ ሁለት መስመር ላይ ገቡ። አረንጓዴው ፔዳል በዚህ መንገድ ተሻሽሏል፣ ድራመራችንም ዝም ብሏል።

ከሌላ ጓደኛዬ የተዋስኩት ስም የሌለው ዲስቶርሽን ግን አስገረመኝ። ለየብቻ ስከፍታቸው ሁለቱም መስመሮች ጥሩ ባስ አላቸው። አንድ ላይ ስከፍታቸው ባሱ ይጠፋል! አንድ ሲደመር አንድ ከአንድ ያነሰ ሆነ። ደግሞ በሁለት ስከፍለው የጊታሬ ድምፅ ትንሽ የደበዘዘ መሰለኝ፤ ምናልባት ጆሮዬ ይሆናል።

---

የብየዳ_ጭስ

ጆሮህ አይደለም፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ባሱ የሚጠፋው ያ ፔዳል ማዕበሉን ገልብጦ ስለሚያወጣው ነው። ንጹሁ ወደ ላይ ሲገፋ ሻካራው ወደ ታች ይስባል፣ ይጠፋፋሉ። ላይኛው ክፍል ላይ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ብዙም አይታወቅም፤ ታችኛው ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሰረዛል። ሚክሰሩ ላይ ክብ ውስጥ ሰረዝ ያለበት ቁልፍ ካለ በአንደኛው መስመር ላይ ተጫነው። ትንሿ ሚክሰር ላይ ላይኖር ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ከመስመሮቹ በአንዱ ባለ ሦስት እግር ኬብል አስገባና 2ኛውንና 3ኛውን ሽቦ የሚያገላብጥ አጭር ኬብል እሠራልሃለሁ። ለዚህ ግን ፋንተም ኃይል (ሚክሰሩ በኬብሉ ወደ ማይክሮፎን የሚልከው ኤሌክትሪክ) መጥፋቱን አረጋግጥ።

የደበዘዘው ደግሞ ባትሪ የሌለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ደካማ ስለሆነ ነው። ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲጎትተው ላይኛው ድምፅ ይቀንሳል። ከመከፈሉ በፊት በፈር (ደካማውን ሲግናል የሚያጠነክር ሰርኪዩት) ያስፈልገዋል። ባንዱ ውስጥ የቦስ ቲዩ 3 ቲዩነር (ክር የሚቃኝበት ፔዳል) ያለው ሰው የለም? ሁለት መውጫ አለው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጠቀም ይቻላል።

---

የአምባሰል_ልጅ

ስለ ዝምታው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ልክ ናቸው፤ ኮምፕረሰርና ኦቨርድራይቭ ኖታን ያረዝማሉ። ስለዚህ ሻካራ ቤዝ ላይ ግራ እጅ ከቀኝ እጅ እኩል ይሠራል፤ ኖታው ሲያበቃ ጣትን ከፍሬቱ ላይ ገርበብ አድርጎ ክሩን ሳይለቁ ማፈን፣ ያልተመታውን ክር በቀኝ አውራ ጣት መያዝ። ንጹህ ድምፅ ላይ የማይሰማ የጣት ጭረት ጌይን ሲገባ ጮክ ብሎ ይወጣል። ችክችካ በኦቨርድራይቭ ይቻላል፤ እጅ ግን ማሰልጠን ይጠይቃል።

ሌላው ማንም ያላነሳው የቅኝት ነገር ነው። ሁለት ኖታ በአንድ ላይ በሻካራ ድምፅ ስትመታ ፔዳሉ የሁለቱን ልዩነት ሦስተኛ ኖታ አድርጎ ይወልዳል። ሲ (C) እና ጂ (G) ከሆኑ ልዩነቱ ከሲ በታች ያለው ሌላ ሲ ነው፤ ድምፁ ይገዝፋል፣ ሮክ ሁሉ የቆመበት ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ከሲ ሲጀምሩ ሁሉም ጂ አላቸው፤ ስለዚህ አይቸገሩም። አንቺሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ጂ የለውም። ሊድ ጊታሪስቶች ልማድ ሆኖባቸው ጂን ሲያስገቡ አንቺሆዬው ይሞታል። ሲና ጂ ፍላትን አብረህ ከመታህ ደግሞ ሁሉም ነገር ይበጠበጣል። ሲና ኤፍ ንጹህ ይወጣል፤ ነገር ግን የሚወለደው ኖታ ከታች ኤፍ ስለሆነ የአድማጩ ጆሮ ቤቱ ኤፍ ነው ብሎ ይታለላል። እኔ አንቺሆዬ ላይ ጌይን ስከፍት አንድ ኖታ ብቻ እጫወታለሁ፣ ወይም ሲን ከኦክታቩ (ከሚቀጥለው ከፍ ያለ ሲ) ጋር።

ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሲና ኢን አብሮ መምታት ግን በየትኛውም ቅኝት ተውት። ጭቃ ነው።

---

ንጹሕ_ድምፅ

ይህች ልጅ ታስተምራለች። የአንቺሆዬው ነገር ለኪቦርዱም ይነገረው።

እንግዲህ ካልቀረ እኔም ከጊታሩ ወገን ያለውን ልናገር። ልጄ ባለአራትክር፣ ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱም ፒክአፕ ሙሉ ሲከፈቱ ሚዱ ይሳሳል። የድልድዩን ፒክአፕ ትንሽ ቀንስና የአንገቱን አስቀድም፤ ቀኝ እጅህን ወደ አንገቱ አስጠጋ። የቶን ማዞሪያውን ግማሽ ድረስ ዝጋው፤ ፔዳሉ ውስጥ የሚገባው ድምፅ ራሱ ለስላሳ ከሆነ የሚወጣው አይንጫጫም። እጅ ከከበደ ፔዳሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጮሃል፤ ቀለል አድርገህ ስትመታ ሊጸዳ፣ ስትጠነክር ሊሻክር ይገባል። ከዚያ ውጭ ያለውን ድምፅ እኔ ሙዚቃ አልለውም።

---

የብየዳ_ጭስ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱ ፒክአፖች እኩል ሲከፈቱ የመብራቱን እምምታ እርስ በርስ ይሰርዛሉ፤ አንዱን ስትቀንስ እምምታው ይመለሳል፣ ጌይን ደግሞ ያገዝፈዋል። ክሩን ስትነካው የሚቀንስ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከቤቱ መብራት የሚመጣ ነው፣ ከመሣሪያው ጉድለት አይደለም። የቤቱ ሶኬት ኧርዝ ሽቦ ከሌለው ግን ይብሳል፣ ለሰውም አደገኛ ነው። ማይክሮፎን አጠገብ ከንፈር የሚነዝርበት መድረክ ላይ ፔዳል ከመምረጥ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

---

ከሚክሰሩ_ጀርባ

የነዘረን ሰው ብዙ አይተናል። ይህን ጉዳይ ማንም በቀልድ አይለፈው።

ለጠያቂው አንድ ነገር ብቻ፦ ድምፅህን ቤት ውስጥ አትወስን። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ባስን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ባስና ትሬብሉን ትከፍታለህ፣ ሚዱን ትዘጋለህ። ያው ቅንብር መድረክ ላይ ጩኸትና ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ደግሞ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ መጠን እኩል ይሁን፤ ሲበራ የሚጮህ ከሆነ ጆሮህ ጩኸቱን ጥራት አድርጎ ይወስደዋል። ባንዱ ሙሉ እየተጫወተ አንድ ሰው አዳራሹ መሀል ቆሞ ይስማልህ።

---

ባለአራትክር

እሺ። እስካሁን የደረስኩበት፦ ቲዩነሩን ከሊድ ጊታሪስታችን አገኘሁ፤ በሁለት መስመር መክፈሉ ጥርት ብሎ ሠርቷል። የአንገቱ ፒክአፕ ቀድሞ፣ ቶኑ ግማሽ፣ ጌይኑ ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሎ። ሚዱን ስጨምር ብቻዬን ስሰማው አስቀያሚ ነበር፤ ባንዱ ሲገባ ግን ቦታውን አገኘ። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ፔዳል እንደረገጥኩ አላወቀም፤ "ዛሬ ቤዙ ቀረብ ብሏል" ብቻ አለ። የአምባሰል_ልጅ ያለችው ይህ መሰለኝ።

የማስመጣው ሳንስአምፑን ነው፤ ሁለተኛውን ቅጂ፣ ሚድ ያለውን። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምንጫወትበት ቤት የቤዝ አምፕ የለውም። @ሲልቨርስፕሪንግ፣ ስለ መብራቱ ምን ልጠንቀቅ?

---

ሲልቨርስፕሪንግ

ጥሩ ምርጫ ነው። እዚህ የሚሸጠው የፔዳል አዳፕተር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ አገር ቤት 220 ላይ ሰክተኸው ቢጨስ አዳፕተሩ ላይ አትፍረድ። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልግ፤ መውጫው 9 ቮልት፣ የመሀሉ ጫፍ ኔጌቲቭ የሆነ። ይህን ካገኘህ ትራንስፎርመር አያስፈልግህም። አንዱን አዳፕተር ለቲዩነሩና ለሌሎች ፔዳሎችም ካከፋፈልከው ሊያንሾካሹክ ይችላል፤ እንደዚያ ካደረገ ሳንስአምፑን ለብቻው ስካው።

ዘመድህ ሳጥኑን ትቶ ፔዳሉን በልብስ ጠቅልሎ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይያዘው። አንድ ጥቅል የቤዝ ክርም አስጨምር፤ ያረጀ ክር ላይ ሃርሞኒክ ስለማይኖር ፔዳሉ የሚያሻክረው ነገር ያጣል።

---

ንጹሕ_ድምፅ

ክሩ ሁለት ጥቅል ይሁን። አንዱን እኔ እገዛዋለሁ፤ ፍላትዋውንድ (ላዩ ለስላሳ የሆነው የድሮው ዓይነት ክር) ከሆነ።